«ቀላል» ስለሚባለው የጭንቅላት ጉዳትና አንጎል ሲሠራ ስለሚያሳየው መሣሪያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል የሳይንስ ክበብ አንድ ንግግር እንዲያሰማ በታዘዝን ጊዜ ደስ ቢለንም፣ ስለ ምን እንናገር በሚለው ነገር ላይ ብዙ ተከራክረን ነበር። ከፊላችን ስለ ፀሐይ ኃይል፣ ከፊላችን ስለ አቃቂ ወንዝ መበከል እንዲሆን ፈለግን። በመጨረሻ ግን በዚህ ዓመት በመካከላችን የደረሰ አንድ ነገር ክርክሩን ዘጋው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ጭንቅላቱን ስለተመታ ሰውና፣ በዘመናችን ሊቃውንት የአንጎልን ሥራ ለማየት ስላበጁት መሣሪያ ነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ ገና ማትሪክ የሚጠብቀን ተማሪዎች ነን። በመካከላችሁ ሐኪም ካላችሁ ስሕተታችንን በትዕግሥት እንድታርሙልን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር በ11ኛና በ12ኛ ክፍል መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ከክፍላችን ልጆች አንዱ ከማዕዘን የተመታውን ኳስ በግንባሩ ለመግጨት ሲዘል ከተከላካዩ ጋር ራስ ለራስ ተጋጨና ወደቀ። እስከ ሃያ ለመቁጠር በሚበቃ ጊዜ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ጠየቀ። ነገርነው። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ጠየቀ፤ አሁንም ነገርነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ከሳቁት መካከል ይህን ጽሑፍ የምናነብላችሁ እኛ ነበርን። እሱም አብሮን ሳቀና ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

ማታ አስመለሰው። በማግሥቱ ወላጆቹ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ተነሣ፤ ምስሉም ንጹሕ ሆነ። «ምንም የለበትም» ተባለና ሁሉም እግዚአብሔርን አመሰገነ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ብርሃን ያስቸግረው ነበር፤ የተማሪ ጫጫታ ራሱን ያመው ነበር፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቀን በክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ነበር። እናቱ አናቱ ላይ ቅቤ አደረጉለት፤ ጠበልም ወሰዱት። አባቱ ደግሞ «ምንም የለብህም ተብለሃል እኮ» እያሉ ይቆጡት ነበር። እኛስ ምን አልን? «ሰነፈ» አልን። ከዚያም አልፎ «ያስመስላል» ያልን ነበርን። የሚገርመው ግን በፈተና ያገኘው ማርክ እምብዛም አለመውረዱ ነው። የቀድሞውን ማርክ ለማግኘት የቀድሞውን ጥናት እጥፍ ያጠና እንደ ነበር የሚያውቅ አልነበረም። ስሙን እንዳንጠራ ጠይቆናልና አንጠራውም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅዶልናል።

እንግዲህ በአሳባችን የቀረው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ልጁን ያመመው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ «ቀላል» የሚለውን ቃል እንመልከት። ግሬሃም ቲዝዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ የተመታን ሰው ንቃት የሚለኩበት ሚዛን አወጡ። ዓይኑን ይከፍታልን? ሲያናግሩት እንዴት ይመልሳል? እጅና እግሩን አንቀሳቅስ ሲሉት ይታዘዛልን? ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ነጥብ ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ድምር 3፣ ከፍተኛው 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ፣ ራሱን ስቶ ቢሆንም ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ፣ የሆነውን ቢረሳም መርሳቱ ከአንድ ቀንና ሌሊት ያላለፈ ሰው ጉዳቱ «ቀላል» ይባላል። የእኛ ጓደኛ ሐኪም ቤት ሲደርስ 15 ከ15 ሳያገኝ አልቀረም፤ በክፍል ፈተና እንዲህ ያለ ማርክ ብናገኝ ደግሰን እንበላ ነበር። ቃሉ የወጣው ሞት አፋፍ ላይ ያለውን ከሌላው ለመለየት ነውና ለሐኪም ሥራ ይጠቅማል። ወደ ቤት ሲመጣ ግን ቤተ ሰቡ «ቀላል» ሲባል «ምንም» የተባለ ይመስለዋል።

አንጎል አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ እንደ አይብ የለሰለሰ ነገር ነው። በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይኖራል። ራስ በድንገት ሲመታ ወይም በኃይል ሲናወጥ የራስ ቅሉ ሳይሰበር በውስጡ ያለው አንጎል ይላጋል። ደምም ሳይፈስ በክር የሚመስሉት ረጃጅም የነርቭ ጭራዎች ይለጠጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነው ነው፤ በሴሉ ውስጥ መቆየት የሚገባው ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፣ በውጭ መቆየት የሚገባው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ሴሉ ይህን ሁሉ ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ጉልበት ያወጣል። በዚያው ጊዜ ግን ጉልበቱን የሚያመጣለት ደም ሊቀንስበት ይችላል። አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚፈጀው ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ ገደማ የሚወስድ ባለ ትልቅ ወጪ ብልት ነው። ገቢው ሲቀንስበት መድከሙ አያስደንቅም።

ሲቲ ስካን የሚያሳየው የተሰበረ አጥንትን፣ የፈሰሰ ደምንና ያበጠ ሥፍራን ነው። ማንም ሰው «ተማሪዎቹ ሲቲ ስካን አይረባም አሉ» እንዳይለን እንጠነቀቃለን፤ በራስ ቅል ውስጥ የፈሰሰን ደም በጊዜው አሳይቶ ብዙ ሰው ከሞት ያዳነው እሱ ነው። ነገር ግን የሚያነሣው የአንጎልን ቅርጽ እንጂ ሥራውን አይደለም። አንድ ሰው ወደ ሳሪስ ወርዶ ከአንድ ፋብሪካ ፊት ቢቆም ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ያያል። በውስጡ መኪናው በደንብ ይሠራል ወይስ እየተንገጫገጨ ነው የሚለውን ግን በግድግዳው አያውቅም።

ይህ ነገር ለከተማችን ሩቅ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልገንም። ከጎተራ ማሳለጫ እስከ ለቡ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ የሚበሩትን መኪናዎችና ሞተር ብስክሌቶች ታውቋቸዋላችሁ። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ቆብ የሚሠሩትን የሕንፃ ሠራተኞች በየቀኑ ታዩአቸዋላችሁ። በገና ጨዋታ ሩሯን ሲከተል የጨዋታው ዱላ ያረፈበትም በየሰፈሩ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ አገር ከቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሐኪሞቹ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝግበው ባወጡት ጽሑፍ፣ በመኪና ከተጎዱት ይልቅ በሰው እጅ የተጎዱት መብለጣቸውን አስረድተዋል። ይህን ስናነብ አፈርን። እነዚያ እንግዲህ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ከባዶቹ ናቸው፤ «ቀላል» ተብለው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በዓለም ሁሉ ከከባዶቹ እጅግ ይበዛሉ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶባቸው እግሮቻቸው ከሠሩ በቀሩ ጊዜ መላው ኢትዮጵያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አያቸውና አዘነላቸው። በአንጎሉ ውስጥ የደከመ ሰው ግን ለሐዘን የሚሆን ምልክት የለውም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። አንጎል ሲያስብ ወደሚሠራው ሥፍራ ብዙ ደም ይሄዳል የሚለው አሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በጣልያን አገር በቱሪን ከተማ አንጄሎ ሞሶ የተባለ ሊቅ ነበር፤ በርቲኖ የሚባል ገበሬም ነበር። ይህ ገበሬ በደረሰበት አደጋ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ስለ ነበር የአንጎሉ ትርታ ከውጭ ይታይ ነበርና ሞሶ ትርታውን የሚጽፍ መሣሪያ አኖረበት። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን የቀትር ደወል ሲደወል በርቲኖ ሳይንቀሳቀስና ሳይናገር የአንጎሉ ትርታ ከፍ አለ። ሞሶም «ደወሉ መጸለይ እንደሚገባህ አስታወሰህን?» ብሎ ቢጠይቀው ትርታው እንደ ገና ከፍ አለ። በደወል ተነሥተን በደወል የምንተኛ እኛ ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ በጣም ወደድነው። አባቶቻችን አሳብን ለልብ ሰጥተው «ልብ አድርግ»፣ «ልብ በል» ይላሉ፤ ሞሶ ግን አሳብ በአንጎል ውስጥ ደምን ሲያንቀሳቅስ በዓይኑ አየ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1929 ጀርመናዊው ሐንስ ቤርገር ከራስ ቆዳ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚጽፈውን መሣሪያ ለዓለም አስታወቀ፤ ዛሬ ኢኢጂ የምንለው ነው። የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር የሆነው ግን ኤም አር አይ ነው። በዚህ መሣሪያ ሰው በታላቅ ማግኔት ውስጥ ይተኛል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ለምርምር የሚሠሩበት ባለ 3 ቴስላ ማግኔት ከምድር ማግኔት ኃይል ወደ 60,000 እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ የራዲዮ ሞገድ ይላክበታል፤ በሰውነቱ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን አተሞች ሞገዱን ተቀብለው መልሰው ይልካሉ፤ መሣሪያውም ያዳምጣል። ሞገዱ የከተማችን ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከሚያሰራጩበት ሞገድ ጋር ጎረቤት ስለ ሆነ፣ የውጭው ራዲዮ እንዳይገባበት ክፍሉ በብረት ተለብጦ ይዘጋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማከል እንወዳለን። የምንኖርበት ሰፈር ንፋስ ስልክ የተባለው፣ ያለ ሽቦ በአየር ወሬ በሚያስተላልፈውና በሚቀበለው ጣቢያ ምክንያት መሆኑን ሽማግሌዎች ያጫውቱናል። ኤም አር አይም እንዲሁ ንፋስ ስልክ ነው፤ ልዩነቱ ወሬው የሚመጣው ከሮም ወይም ከለንደን ሳይሆን ከገዛ ራሳችን ውስጥ መሆኑ ነው። ደግሞም የሚያስደንቀው፣ ይህ መሣሪያ የአንጎልን ሥራ እንዲያሳይ መንገዱን የከፈተው ጃፓናዊው ዶክተር ሴጂ ኦጋዋ ያንን ያደረገው በሐኪም ቤት ውስጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካን አገር በቤል የስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት ውስጥ ነው።

ኦጋዋ የተመረኮዘው በደም ጠባይ ላይ ነው። ኦክሲጅን የተሸከመ ደምና ኦክሲጅኑን ያወረደ ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የታወቀ ነበር። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ ትኩስ ደም ይጎርፍለታል፤ በዚያ ሥፍራ ከመሣሪያው የሚሰማው ድምፅ በጥቂቱ ይጨምራል። ጭማሪው ከመቶ አንድ ወይም ጥቂት እጅ ቢሆን ነው፤ የሚደርሰውም አሳቡ ካለፈ ከ5 ወይም ከ6 ሰኮንድ በኋላ ነው። እንግዲህ መሣሪያው አሳብን አያነብም። በየቤታችን ደጃፍ እንደተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ የሚያሳየው ወጪን ነው።

አሁን ለጥቂት ጊዜ እናንተን እናሠራለን። ፊደል እንጠራለን፤ የተጠራው ፊደል ከእሱ ሁለት ቀድሞ ከተጠራው ጋር አንድ ሲሆን እጃችሁን አንሡ። በ… ለ… በ… ከ… መ… ከ… መ… ሦስት ጊዜ ማንሣት ይገባችሁ ነበር። (በዚህ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ሳቅ ሆነ።) መምህራኖቻችንም ጭምር መሳሳታቸውን አይተን አልፈናል።

ይህን የመሰለ ፈተና ነው እ.ኤ.አ. በ1999 ዶክተር ቶማስ ማክአሊስተርና ባልደረቦቹ በአሜሪካን አገር በዳርትማውዝ ያደረጉት። ቀላል የጭንቅላት ጉዳት ከደረሰባቸው አንድ ወር ገደማ የሆናቸውን 12 ሰዎችና 11 ጤነኞችን በመሣሪያው ውስጥ አስተኝተው ፊደል አሰሟቸው። በውጤቱ ሁለቱ ወገኖች አልተበላለጡም። ምስሉ ግን ተለያየ፤ ፈተናው ከቀላሉ ወደ ከበደው ሲሸጋገር የተመቱት ሰዎች አንጎል ከጤነኞቹ ይልቅ በሰፊው በራ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ማርኩ ያልወረደው ጓደኛችን ትዝ አለን። ሁለት ጎረቤታሞች አምፖላቸው እኩል እያበራ የአንደኛው ቆጣሪ በእጥፍ ቢዞር፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው አምፖሉን አይቶ «ሁለቱም ደኅና ናቸው» ይላል። ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። እኛ አምፖሉን አየን፤ ማርኩን አየን። ራስ ምታቱን፣ ሌሊቱን፣ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ማንበቡን አላየንም።

ንግግራችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ያማረ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ስፖርተኞችን በዚሁ መሣሪያ የመረመሩ ሊቃውንት፣ ለጊዜው አሳብን ይዞ በሚያቆየው የፊተኛው አንጎል ክፍል ያገኙት ከጤነኞቹ ያነሰ ብርሃን ነበር። አንዱ ጥናት በዛ ሲል ሌላው አነሰ አለ። ከዚያ ወዲህ የወጡትም ጥናቶች በዚህ ነገር አልተስማሙም፤ ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የተመረመሩት እነማን እንደሆኑ መልሱን ይለውጠዋል። ደግሞም እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘን፣ መድኃኒት፣ ቡና ሳይቀር የአንጎልን ደም ዝውውር ይለውጣሉ። ከሁሉም በላይ እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ነው። አሥራ ሁለቱን ከአሥራ አንዱ መለየት ይቻላል፤ አንድ ልጅ ብቻውን ቀርቦ «እኔስ ተጎድቻለሁ ወይ?» ቢል ግን መሣሪያው በእርግጠኝነት አይመልስለትም። በዚህም ምክንያት ነው አንጎል ሲሠራ የሚያሳየው ኤም አር አይ ባለጸጋ በሆኑት አገሮች እንኳ ለእንዲህ ያለው ሕመም ከምርምር ቤት ወጥቶ የየዕለት ሕክምና መሣሪያ ያልሆነው። በእነዚያ አገሮች አንዳንድ ሰዎች የሚያማምሩትን ባለ ቀለም ሥዕሎች ይዘው ለካሣ ክርክር ፍርድ ቤት መቅረባቸውን ስንሰማ፣ በክበባችን አስተያየት ሥዕሉ ከሚችለው በላይ እንዲመሰክር መጠየቅ መሰለን።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን ተገኘ?» ትሉ ይሆናል። አንድ ትልቅ ነገር ተገኝቷል እንላለን። ከዚህ በፊት ምስሉ ንጹሕ የሆነ ሰው ራሴን ያመኛል ሲል ማስረጃው ቃሉ ብቻ ነበር፤ ቃሉንም የሚያምነው ጥቂት ነበር። እነዚህ ጥናቶች በቁጥርና በምክንያት ባይስማሙም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቅርጹ ደኅና የሆነ አንጎል ሥራው ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ «ምስሉ ንጹሕ ነው» ማለትና «ምንም የለብህም» ማለት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አባትና እናት፣ መምህርና ጓደኛ ይህን ለመለየት ማግኔት አያስፈልጋቸውም።

በአገራችን ኤም አር አይ የሚገኘው በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ነው። ከወረፋው አስቀድሞ የሚቆመው በራስ ቅሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው መሆኑ ተገቢ ነው። ስለዚህ የክበባችን ልጆች የጠየቅናቸው አንድ ሐኪም ገንዘብ የማያስወጣውን ነገር አስተማሩን። የተመታ ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ቢመታ ጉዳቱ ሊከፋ ይችላልና። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ከእንቅልፍ መቀስቀስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል። ያ ሁሉ ከሌለ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ቤት ተዘግቶ መተኛት አይጠቅመውም፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። በወጣቶች አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል። ከሦስት ወር በላይ የሚቆይባቸውም አሉ፤ የእኛ ጓደኛ ከእነዚህ አንዱ ሆነ።

ከገና በኋላ የክፍል ኃላፊያችን ነገሩን ሰምተው ከፊተኛው ወንበር፣ ከመስኮቱ ብርሃን ራቅ አድርገው አስቀመጡት፤ በፈተናም ጊዜ በየመካከሉ እንዲያርፍ ፈቀዱለት። እኛም ማስታወሻ በተራ እንጽፍለት ጀመር። ይቅርታም ጠየቅነው። መልሱ «ስንት ለስንት ነበርን?» የሚል ነበር፤ አሁን ግን የሚቀልደው እሱ ነው። ራስ ምታቱ ፈጽሞ ባይለቀውም ቀንሶለታል፤ ከእኛ ጋር ለማትሪክ ይቀመጣል። ኳስ መጫወት ለጊዜው ስለ ተከለከለ በነገው የበዓል ግጥሚያ የውጤት መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው።

ቀደም ብለን የተናገርናቸውን የአደጋ ምልክቶች በትልቁ ጽፈን በሜዳው በር ላይ ለጥፈናል። ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ሸፍነነዋል። ነገ ወደ ግጥሚያው ስትገቡ ቆም ብላችሁ እንድታነቡት እንለምናለን።